የእንግዳውን ላፕቶፕ ሳንነካ፦ ከጣና ዳር ማረፊያ የኔትወርክ ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ሥራው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ማረፊያ ውስጥ ነው። ክፍሎች አሉት፣ የስብሰባ አዳራሽ አለው፣ ሣር የለበሰ ግቢው እስከ ሐይቁ ይወርዳል። ባሕር ዳር የስልጠና ከተማ ናት። ከወረዳው፣ ከዞኑ፣ ከአዲስ አበባም ሰው የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ አንግቦ ይመጣል። ቀን አዳራሽ ይውላል፣ ማታ ክፍሉ ገብቶ ሪፖርቱን ይልካል። ወይ ለመላክ ይሞክራል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ የስልጠና ቡድን ውስጥ ኢንተርኔት እምቢ የሚለው ሰው አይጠፋም። ስልኩ ላይ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ላፕቶፑ ላይ ግን "ተገናኝቷል" ይልና አንድም ገጽ አይከፍትም። እንግዳው ሪሴፕሽን ይመጣል። የሪሴፕሽኗ ልጅ "ጋሼ፣ ይስጡኝ እስቲ ልየው" ትላለች። ከፍታ ስታየው አይፒ አድራሻው፣ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ በእጅ የተሞላ ነው። ስታቲክ የምንለው። ላፕቶፑ የትም ቢሄድ "እኔ 192.168.1.50 ነኝ፣ መውጫዬ 192.168.1.1 ነው" እንዳለ ነው። ቢሮው ውስጥ ልክ ነው፤ የእኛ የእንግዶች ዋይፋይ ላይ ግን በዚያ አድራሻ የሚጠራ መውጫ፣ ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ መሣሪያ፣ የለም።

እስካሁን የተሠራበት መላ ይኼ ነበር። ልጅቷ የድሮውን ቁጥር ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ሴቲንጉን ወደ አውቶማቲክ ትቀይራለች፣ እንግዳው ሲሄድ ትመልስለታለች። ደብተሩን አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በክፍል ቁጥር፣ አራት አራት መስመር፦ አድራሻ፣ ማስክ (የኔትወርኩን ስፋት የሚለየው)፣ መውጫ፣ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ሰርቨር)። በጥንቃቄ ነው የተጻፈው። ግን "ተመልሷል" የሚለው ምልክት የጎደለባቸው ገጾች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም እንግዳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ መኪና ሊይዝ ይሄዳል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የምታውቀው ልጅ የለችም፣ ዘበኛው ነው ቁልፍ የሚቀበለው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ አስቡት። ሰውየው ሰኞ ቢሮው ሲገባ የሒሳብ ሲስተሙ አይከፍትለትም። ፕሪንተሩ የለም። የአይቲ ባለሙያው ዞን ከተማ ነው ያለው። እኛ አንድ ማታ ኢሜይል እንዲልክ ብለን የሳምንት ሥራውን አበላሸንበት። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ሥራውንም የተቀበልኩት ለዚህ ነው።

ሰኞ ከሰዓት

ከማረፊያው ባለቤት ጋር ተነጋገርን። እትዬ ነው የምንላቸው። ያሉኝ አጭር ነው፦ "ልጄ፣ የሰው ዕቃ ከምንነካ የራሳችንን አስተካክልልን።" ከዚህ የተሻለ የሥራ መግለጫ አላገኝም።

እዚህ ላይ "በዚህ ዘመን ማን ስታቲክ ይሞላል?" የሚል አይጠፋም። ዛሬ የምንጠቀምበት ዲኤችሲፒ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲገናኝ አድራሻ የሚሰጠው አሠራር፣ ደንቡ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ቢሮዎች ስታቲክ የሚሞሉት ስላልሰለጠኑ አይደለም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን በቁጥር ነው የሚፈልገው። ፕሪንተሩ በቁጥር ነው የተጋራው። የአይቲ ባለሙያውም የትኛው ላፕቶፕ የማን እንደሆነ በቁጥሩ ነው የሚለየው። ምክንያት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ "ለምን አውቶማቲክ አያደርጉትም" ብሎ እንግዳን መውቀስ አያዋጣም። ደግሞ ብዙዎቹ ላፕቶፖች የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃሉ። እንግዳው ራሱ ቢፈልግ እንኳ መቀየር አይችልም።

የማደርገው ተወሰነ። እንግዳው ምንም አድራሻ ይዞ ቢመጣ ኔትወርኩ እንዳለ ይቀበለው።

ሰኞ ማታ

እንዴት እንደሚሠራ ለራሴም እንዲጠራልኝ ልጻፈው።

አንድ ኮምፒውተር ወደ ውጭ መረጃ ለመላክ መጀመሪያ የመውጫውን የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር ማወቅ አለበት፤ ማክ አድራሻ የሚባለውን። ስለዚህ ኔትወርኩ ላይ ይጣራል፦ "192.168.1.1 ያላችሁ፣ ማክ አድራሻችሁን ንገሩኝ።" ይሄ አርፕ ይባላል፣ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የእንግዶቹ ዋይፋይ ላይ 192.168.1.1 የሚባል ስለሌለ ማንም አይመልስለትም። ላፕቶፑ ዝም ብሎ ይጠብቃል። "ተገናኝቷል" የሚለው የዋይፋዩን ግንኙነት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሞቷል።

መላው ራውተሩ፣ ማለትም የእንግዶቹን ኔትወርክ ከውጭ የሚያገናኘው መሣሪያ፣ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ማንም ሰው በር ላይ ቆሞ "እገሌ አለ?" ብሎ ሲጣራ፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ "አቤት፣ እኔ ነኝ" እንደሚል ዘበኛ። ላፕቶፑ መልስ አገኘ፣ መረጃውን ለራውተሩ ይሰጣል። በሌላው ስም ሆኖ ለአርፕ መመለስ አዲስ አይደለም፣ ፕሮክሲ አርፕ ተብሎ በ1987 እ.ኤ.አ. ተጽፏል።

ግን መመለስ ብቻውን አይበቃም። መረጃው ወጥቶ መልሱ ሲመጣ ራውተሩ ለማን እንደሚሰጠው ማወቅ አለበት። 192.168.1.50 ለራውተሩ ባዳ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ትርጉም ነው። ራውተሩ የመጀመሪያውን መረጃ ሲቀበል የላፕቶፑን ማክ አድራሻ ያያል፣ ከራሱ ክምችት ውስጥ አንድ ነጻ አድራሻ ይመድብለታል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ባዳ አድራሻ በገባ በወጣ ቁጥር በተመደበው ይለውጠዋል። አንድ ለአንድ። ላፕቶፑ ምንም አያውቅም። እሱ አሁንም 192.168.1.50 ነው።

ማይክሮቲክ የሚባሉት ራውተሮች ላይ ይሄ ሆትስፖት (እንግዶችን በመግቢያ ገጽ የሚያስተናግደው ክፍል) ውስጥ ተካትቷል፣ ዩኒቨርሳል ክላየንት ይሉታል። ሊኑክስ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ኩቫቺሊ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌርም ማንኛውንም አድራሻ የመቀበል ምርጫ አለው። እዚህ ባለ 5 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ማይክሮቲክ ሄክስ ራውተር ስላለ በእሱ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልብ ልበል። ለማንም ስም "እኔ ነኝ" ብሎ መመለስ ሌባም የሚሠራበት ዘዴ ነው። የሰውን መረጃ ለመጥለፍ የሚደረገው የአርፕ ማጭበርበር አሠራሩ ይኸው ነው። ልዩነቱ ማን፣ የት፣ ለምን የሚለው ነው። ስለዚህ ይሄ ባሕርይ የእንግዳው ፖርት ላይ ብቻ ይኖራል። የሪሴፕሽኑና የሒሳብ ክፍሉ ኔትወርክ ላይ ፈጽሞ አይነካም።

ማክሰኞ ጠዋት

የአድራሻ ክልል መምረጥ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም።

እንግዳው ምንም ይዞ ይምጣ ካልን፣ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ከእኛ ራውተር አድራሻ ጋር እንዳይገጥም ማድረግ አለብን። እኛ 192.168.1.1 ብንሆንና የእንግዳውም ላፕቶፕ 192.168.1.1 ቢሆን የሚታረቁ አይደሉም። ስለዚህ ሰው የማይመርጠውን መምረጥ ነው።

ለግል ኔትወርክ የተፈቀዱት ሦስት ክልሎች ናቸው፦ በ10 የሚጀምረው ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው፣ እና 192.168። ይሄ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ነው። ቢሮዎች የሚወዱት 192.168.0 እና 192.168.1ን ነው፣ ትልልቆቹ ደግሞ 10ን። መሐከለኛውን ክልል የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እሱንም ቢሆን 172.16 የክልሉ መጀመሪያ ስለሆነ ሰው ይመርጠዋል፣ 172.17ን ደግሞ ዶከር የሚባለው ሶፍትዌር በራሱ ይወስደዋል። ሁለቱንም ዘለልኳቸው።

ለእንግዶች 172.22.140.0ን በ22 ማስክ ሰጠሁ። ይሄ 1022 አድራሻ ይሰጣል። ለማረፊያ ይበዛል የሚል ካለ አዳራሹን ይቁጠር፦ አንድ ሰልጣኝ ስልክም ላፕቶፕም ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ስልክ አለው፣ ጠዋት የሄደው ሰው አድራሻም ጊዜው እስኪያልፍ ተይዞ ይቆያል። ደግሞ ስታቲክ ይዞ የመጣውም ከዚሁ ክምችት አንድ ይወስዳል። የዲኤችሲፒውን የኪራይ ጊዜ 1 ሰዓት አደረግኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት

ሆትስፖቱን አቆምኩ። ለሚከተለኝ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ልንገር። አንደኛ፣ የሆትስፖቱ ሰርቨር ላይ "አድረስ ፑል" የሚለው ባዶ ከሆነ ትርጉሙ አይሠራም፣ የእንግዶቹ ክምችት እዚያ መመረጥ አለበት። ሁለተኛ፣ የእንግዳው ኢንተርፌስ (ፖርት) ላይ አርፕ "ኢኔብልድ" መሆን አለበት። አንዳንድ ባለሙያ ለደህንነት ብሎ "ሪፕላይ ኦንሊ" ያደርገዋል። ያኔ ራውተሩ በዝርዝሩ ያልተመዘገበን ማንንም አያናግርም፣ የኛ ሥራ እዚያው ይቆማል።

ከዚያ የራሴን ላፕቶፕ እንደ ወረዳ ላፕቶፕ አደረግኩት። አድራሻ 192.168.1.50፣ መውጫ 192.168.1.1፣ ዲኤንኤስ 192.168.1.2። ከደብተሩ የተወሰደ እውነተኛ አሞላል ነው። ግቢው ሣር ላይ ተቀምጬ ዋይፋዩን አበራሁ።

የሆትስፖቱ የእንግዶች ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ። በግራ የላፕቶፑ ማክ አድራሻ፣ ቀጥሎ 192.168.1.50፣ ከዚያ በስተቀኝ "ቱ አድረስ" በሚለው ሥር ከክምችቱ የተሰጠው በ172.22 የሚጀምር አድራሻ። ከእሱ በላይ ያሉት የስልኮቹ መስመሮች ላይ ሁለቱ አድራሻዎች አንድ ናቸው፤ ዲኤችሲፒ ስለወሰዱ መተርጎም አላስፈለጋቸውም። ይሄኛው ብቻ ይለያል። ቀጥሎ የመግቢያው ገጽ መጣ፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን የዋይፋይ መግቢያ ካርድ ቁጥር አስገባሁ፣ ገባ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። "ሴቲንጉ ግን አልተቀየረም?" አለች፤ ራሷ ከፍታ አየችው። አልተቀየረም።

ረቡዕ ጠዋት

መብራት ሄዶ ነበር። ዩፒኤሱ ትንሽ ያዘ፣ ከዚያ ሁሉም ጠፋ። መብራት ሲመለስ ደስ ያለኝ ነገር፣ ስታቲኩ ላፕቶፕ ያለ ማንም እርዳታ ሰንጠረዡ ላይ ተመለሰ። ሰንጠረዡ የሚሞላው ከእንግዳው በሚመጣ መረጃ ስለሆነ አስቀድሞ የሚመዘገብ ነገር የለም።

አሁን ስለ ዲኤንኤስ። ብዙ ሰው አድራሻውን ፈትቶ ይሄን ይረሳዋል። የእንግዳው ላፕቶፕ ስም የሚጠይቀው የቢሮውን ሰርቨር ነው፣ 192.168.1.2ን። ያ ሰርቨር ደብረ ታቦር ወይም ወረታ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው። እዚህ ማንም አይመልስለትም፣ ስም ካልተፈታ ደግሞ ምንም ገጽ አይከፈትም። የመግቢያው ገጽ ራሱ አይመጣም። ምክንያቱም ዊንዶውስም፣ አይፎንም፣ አንድሮይድም "ይሄ ዋይፋይ መግቢያ ገጽ አለው ወይ?" ብለው የሚያጣሩት ከተገናኙ በኋላ አንድ የታወቀ ገጽ ለመክፈት በመሞከር ነው፣ ለዚያም መጀመሪያ የገጹ ስም መፈታት አለበት።

ሆትስፖቱ ይሄንንም ይይዘዋል። በፖርት 53 (ይሄ የኬብል መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎት ቁጥር ነው) የሚሄድን የዲኤንኤስ ጥያቄ ሁሉ፣ ለማንም የተላከ ቢሆን፣ ወደ ራሱ ያዞርና ይመልሳል። ላፕቶፑ የቢሮው ሰርቨር የመለሰለት ይመስለዋል።

የማይያዝም አለ። አንድሮይድ ስልክ ላይ "ፕራይቬት ዲኤንኤስ" በስም የተሞላ ከሆነ ጥያቄው ተመስጥሮ በፖርት 853 ነው የሚሄደው። እሱን ማዞር አይቻልም፣ መሞከርም የለበትም። ይልቅ እንግዳው ካርድ ሳያስገባ በፊት ወደ ታወቁት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች በዚያ ፖርት እንዲወጣ ፈቀድኩ። እንግዳው የራሱን ነገር እንዲቀይር አናስገድድ ብለን የተነሳን ሰዎች እዚህ ጋ ስንደርስ "ፕራይቬት ዲኤንኤስዎን ያጥፉ" ብንል ምኑን ሠራነው?

ረቡዕ ማታ

ይሄኛውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ በሥራው ሁሉ ውስጥ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ላፕቶፔ አሁንም 192.168.1.50 ነው። የወረዳ ቢሮ ላፕቶፕ ከውጭ ገጽ በተጨማሪ የራሱን ነገሮች ይፈልጋል፦ የሒሳብ ሰርቨሩን፣ የተጋራውን ፎልደር፣ ፕሪንተሩን። እዚህ እነዚህ የሉም፣ ስለዚህ ፈልጎ ያጣል፣ ይተወዋል ብዬ ነው የማስበው። ለማረጋገጥ 192.168.1.20ን ፒንግ አደረግኩ፣ ማለትም "አለህ?" ብዬ ጠየቅኩ።

መለሰ።

ማን ነው የመለሰው? የእኛው የሪሴፕሽን ፕሪንተር። የማረፊያው የውስጥ ኔትወርክም 192.168.1 ነበር፣ እንደ ሁሉም። ላፕቶፑ ቢሮውን ሲጠራ ራውተሩ "አቤት" ብሎ ተቀበለው፣ ከዚያ የራሱን የመንገድ ሰንጠረዥ አየ፣ 192.168.1.20ን በሌላኛው ፖርቱ ያውቀዋል፣ አሻግሮ ሰጠው። ያ እንግዳ "ፕሪንት" ቢል፣ የሁለቱም ቢሮ ፕሪንተር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የወረዳው የደመወዝ ዝርዝር ሪሴፕሽን ላይ ይወጣል ማለት ነው። በተቃራኒውም የእኛ የሒሳብ ኮምፒውተር በእንግዳው ፊት የቢሮው ሰርቨር መስሎ ይቆማል። አሳሹ ላይ 192.168.1.1 ስጽፍ ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠው ሞደም መግቢያ ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ።

እንዲህ ያለ ነገር ተራ ዋይፋይ ላይ ቶሎ አይታይም፣ ምክንያቱም ባዳ አድራሻ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያውኑ አይገባም። እኛ በሩን ስንከፍት ነው አብሮ የሚገባው። ማንኛውንም አድራሻ ተቀበል ብሎ ያቆመ ሰው ይሄን ሳያይ ቢሄድ እንግዳውንም የማረፊያውን ባለቤትም ጎዳ ማለት ነው።

ሁለት ቁልፍ አደረግኩበት። ፋየርዎሉ (ምን እንደሚያልፍ የሚወስነው የራውተሩ ክፍል) ላይ ከእንግዳ ፖርት ወደ ውስጥ ኔትወርክም ሆነ ወደ ሞደሙ አድራሻ የሚሄድን ሁሉ የሚጥል ሕግ፣ ከሌሎቹ ሕጎች ሁሉ በላይ። ቀጥሎ የውስጥ ኔትወርኩን ወደ 172.29.83 ቀየርኩት፣ የሞደሙንም የውስጥ አድራሻ እንዲሁ ወደማይታወቅ ክልል። ሁለተኛው ብዙ አሠራኝ፦ ፕሪንተሩ፣ የካሜራዎቹ መቅጃ፣ የሒሳብ ኮምፒውተሩ፣ አንድ በአንድ። ፋየርዎሉ ብቻውን ይበቃ ነበር የሚል ይኖራል። ዛሬ አዎ። ግን ነገ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ያንን ሕግ ባያውቀው ወይም ቢያጠፋው፣ ሁለተኛው ቁልፍ ይይዛል።

ከዚያ 192.168.1.20ን ደግሜ ፒንግ አደረግኩ። ዝም። 192.168.1.1ም ዝም። ውጭው ኢንተርኔት ግን ይሠራል። እንደዚህ ነው መሆን ያለበት።

ሐሙስ

የዛሬው ጥያቄ፦ ሁለት እንግዶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ቢመጡስ? ከሁለት ወረዳ የመጡ ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች፣ ሁለቱም 192.168.1.50።

ኮምፒውተር በእጅ የተሞላለትን አድራሻ ከመጠቀሙ በፊት "ይሄን ቁጥር የያዘ አለ?" ብሎ ያጣራል። ሌላው ላፕቶፕ ከሰማና "እኔ" ካለ፣ ዊንዶውስ የአድራሻ ግጭት አለ ብሎ የሞላውን ይተውና በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዛል። እሱ ደግሞ የትም አያደርስም።

ስለዚህ አንዱ እንግዳ የሌላውን ጥሪ እንዳይሰማ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋይፋዩ ላይ ቀላል ነው፣ አክሰስ ፖይንቶቹ (ዋይፋዩን የሚያሰራጩት ሳጥኖች) እንግዶችን እርስ በርስ የሚለይ ክላየንት አይሶሌሽን አላቸው፣ አበራሁት። አንድ አክሰስ ፖይንት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላውም መዘጋቱን ማረጋገጥ ያሻል፤ የግቢው እና የአዳራሹ በራውተሩ በኩል ተያይዘው ስለነበር እዚያም ብሪጁ (ፖርቶቹን የሚያያይዘው የራውተሩ ክፍል) ላይ ለየኋቸው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ስዊች (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ግን ተራ ነው፣ ፖርት መለየት የሚባል ነገር የለውም። በኬብል የሚሰካ ሰልጣኝ ብዙ ነው፣ በተለይ ቪዲዮ ስብሰባ ሲኖር። እትዬን ጠየቅኳቸው፣ ፖርት አይሶሌሽን ያለው ስዊች ተገዛ።

ይሄ ለደህንነትም የሚሆን ነው። እንግዳ የጎረቤቱን ላፕቶፕ ማየት የለበትም፣ አራት ነጥብ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ቁጥር አስገባሁ፣ አንዱን በኬብል፣ አንዱን በዋይፋይ። የግጭት ማስጠንቀቂያ አልመጣም። ሰንጠረዡ ላይ ሁለት መስመር፦ ቁጥሩ አንድ፣ ማኩ ሁለት፣ የተመደበላቸውም አድራሻ የተለያየ። እንግዳን መለየት ያለብን በማክ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሎጉንም (ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበውን) በዚያው መልክ አስተካከልኩት፣ አንድ ቀን ችግር ተፈጥሮ "ማን ነበር?" ቢባል 192.168.1.50 የሚል መልስ ማንንም አይጠቁምም።

ዓርብ

በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ነበር። "ኢንተርኔት ካልሠራ ኮንትሮል ፓነል ይክፈቱ፣ ከዚያ…" እያለ የሚወርድ። ከልጅቷ ጋር ሆነን አነሳነው። በምትኩ ትንሽ ካርድ፦ የዋይፋዩ ስም፣ የካርዱ ቁጥር፣ እና አንድ መስመር፦ "ላፕቶፕዎ ላይ ምንም መቀየር አያስፈልግዎትም።"

ለልጅቷ አንድ ጥብቅ ነገር ነገርኳት። ከእንግዲህ የእንግዳ ሴቲንግ አትክፈቺ። ካልሠራ ለእኔ ደውይ፣ ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው ብለሽ ተነሺ።

ሰኞ

ሰልጣኞች ገቡ። ስልጠናው ስለ እምቦጭ ነው፤ ያ አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያደክማል። ባለሙያዎቹ የመጡት ሐይቁን ከሚያዋስኑት ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከደንቢያ፣ ከጎንደር ዙሪያ ነው። ካርታና የሳተላይት ምስል ያወርዳሉ፣ ፋይሉ ትልልቅ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰንጠረዡን እያየሁ ዋልኩ። ስታቲክ ይዘው የገቡት ከጠበቅኩት በላይ ናቸው። 192.168.1፣ 192.168.0፣ በ10 የሚጀምሩ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ የግል ያልሆነ ቁጥር ተሞልቶለት የመጣ። ሁሉም ገቡ። አንዳቸውም ሪሴፕሽን አልመጡም፣ ስታቲክ መሆናቸውንም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ያልሠራላቸው ሁለት ነበሩ።

አንደኛው ላፕቶፕ አድራሻና ማስክ አለው፣ መውጫ የሚለው ግን ባዶ ነው። መውጫ የሌለው ኮምፒውተር ወደ ውጭ ምንም አይልክም፣ ራውተሩም የሚመልስለት ጥሪ አይሰማም። የላፕቶፑን ባለቤት ጠየቅኳቸው። "የሒሳብ ማሽን ነው፣ ኢንተርኔት እንዳይገባ ብለው ነው የዘጉት" አሉኝ። እንግዲያው ትክክል ነው የተሠራው። አልነካሁትም፣ ሪፖርታቸውን በፍላሽ ወስደው አዳራሹ ባለው ኮምፒውተር ላኩ።

ሁለተኛው አሳሹ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ፕሮክሲ የተሞላበት ነው። ፕሮክሲ ከአድራሻ የተለየ ጉዳይ ነው። አሳሹ ሁሉንም ነገር በዚያ ሰርቨር በኩል ካልሆነ አልሄድም ይላል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ቢሮ ነው ያለው። ሆትስፖቱ አንዳንዱን ሊይዝ ይችላል፣ የተመሰጠረ ገጽ ላይ ግን አላመንኩበትም። ላፕቶፑ ላይ ፋየርፎክስም ነበረ፣ እሱ የራሱን የፕሮክሲ ምርጫ መያዝ ስለሚችል እና እዚያ ላይ "ኖ ፕሮክሲ" ተመርጦ ስለነበር በእሱ ሠሩ። ፋየርፎክስ ባይኖር አዳራሹ ያለውን ኮምፒውተር ነበር የምሰጣቸው።

ማክሰኞ

የቀሩኝን ልጻፍ። የራውተሩን ኮንፊገሬሽን ባካፕ ወስጃለሁ፣ አንዱ ፍላሽ እትዬ ጋ አለ፣ አንዱ እኔ ጋ። የእንግዳው ፖርት ላይ አይፒ ስሪት 6ን (አዲሱን የአድራሻ አሠራር) ዘግቻለሁ፣ ሆትስፖቱ የሚያውቀው ስሪት 4ን ብቻ ስለሆነ ክፍት ቢተው ካርድ የሌለውም በዚያ ሊያልፍ ይችላል። የግቢው አክሰስ ፖይንት ሳጥን ከሐይቁ በኩል እርጥበት ይገባዋል፣ ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ በላስቲክ መደፈን አለበት፣ እሱን ነገ። ፋየርዎሉ ውስጥ ያለውን ሕግ ለሚቀጥለው ባለሙያ በአማርኛ ማስታወሻ ጽፌ ሳጥኑ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፦ የእንግዳ አድራሻ ማንኛውም ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያውን ሕግ አታጥፉ።

ደብተሩ ገና ሪሴፕሽን አለ። ሴቲንጋቸው ያልተመለሰላቸውን ልጅቷ እየደወለችላቸው ነው፤ እሷ ቁጥሩን ታነባለች፣ እነሱ ወይም የአይቲ ባለሙያቸው ይሞላሉ።